ለላቦራቶሪ የተቀመመ ሳማ

እኔ ሳልጠየቅ የምመክር ሰው ነኝ። ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ የምግብ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ዓመታት ስላስቆጠርኩ፣ ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጬ ይሄ ሻጋታ ነክቶታል፣ ያኛው ቀለም ተጨምሮበታል ማለት ልማዴ ሆኗል። ታናሽ እህቴ አንቺ ካለሽበት ምግብ አይጣፍጥም ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ይቺው እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ጊዜ፣ ደስታችን ገና ሳይበርድ ሐኪሟ ደም ማነስ እንዳለባት ነገራትና የአይረን፣ ማለትም የብረት ማዕድን ክኒን አዘዘላት። ክኒኑን ስትውጥ ያስመልሳታል፤ ምግብ ደግሞ ገና ሽታው ያባርራታል። ሩዝ ሸተታት፣ ሽሮ ሸተታት፣ በመጨረሻ ባሏም ሸተታት። በባሏ ሳቅን እንጂ በእሷስ ተጨንቀን ነበር። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቁጭ ትል ጀመር።

አንድ እሁድ ቦሌ ቡልቡላ፣ እናታችን ኮንዶሚኒየም ሄድን። እናቴ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው፤ እኛንም የወለደችን ሰፈሩ የእርሻ መሬት ሳለ ነው። የዚያን ዕለት ሳማ ቀቅላ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት የገብስ ዱቄት ወጥ ሠርታ ጠበቀችን። ሳማ ጥሬውን ሲነኩት ይለበልባል እንጂ ከተቀቀለ እንደ ጎመን ይለሰልሳል። እህቴ መጀመሪያ በጣቷ ቀመሰች፣ ከዚያ እንጀራ ቆረሰች፣ ከዚያ ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ምንም አላስመለሳትም። እናቴ ዞር ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

እኔ ግን አላስችል አለኝና ከየት ነው የለቀምሽው አልኳት። ከአዲሱ አስፋልት ዳር፣ ከቦዩ አጠገብ ነው አለች፤ ጠዋት ጠዋት እጇን በፌስታል ጠቅልላ ትቀጥፋለች። በቃ፣ ምክሬ ጀመረ። ሳማ ከአፈር ውስጥ ደግ ደጉን ማዕድን፣ ብረቱንና ካልሲየሙን እንደሚስብ ሁሉ መጥፎውንም ይስባል፣ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ዳር ሊድ የሚባል መርዘኛ ብረት አይጠፋም፣ እሱ ደግሞ ለፅንስ ጠንቅ ነው አልኩ። ያልኩት ስህተት አልነበረበትም። አባባሌ ግን የእህቴን እጅ ከሰሃኑ ላይ አነሳው።

እናቴ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማችኝና፣ "ይሄን ሁሉ ተይውና፣ ትብላ ወይስ አትብላ?" አለች።

እስኪመረመር አትብላ አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በማግስቱ እህቴ ሆድ ውስጥ ውሃም አልረጋ አለ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ሳማውን በአማቿ፣ በእህቴ ባል እጅ ላከችልኝ። አድርቃ፣ አድቅቃ፣ በማርጋሪን ዕቃ አሽጋ። ሥራ አቀለለችልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ውጤቱ ሲወጣ አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየው። ብረቱ ሚስማር የተመረመረ ያስመስላል፤ ጨውነቱም ለጉድ ነው። ይሄ ቅጠል የበቀለው አፋር ጨው ላይ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ባልደረቦቼ በሳቅ ፈነዱ።

ለእናቴ ደወልኩ። ምንም አልደበቀችኝም። ቅጠሉን የወቀጠችው በርበሬ በምትወቅጥበት የብረት ሙቀጫ ነው፤ የብረቱ ብዛት ከዚያ መጣ። ከዚያ ጨው ጨመረችበት፣ ኮረሪማም ጣል አደረገችበት። ለምን ስላት እሷው ተገረመችብኝ። "መሥሪያ ቤት የሚሄድ ነገር ባዶውን ይላካል እንዴ? ሰዎቹ ቀምሰው ምን ይሉኛል?"

ለካ ምርመራ ማለት የቢሮ ሰዎች ቀምሰው የሚፈርዱበት መስሏት ኖሯል። ለልጇ እንዲፈረድላት አጣፍጣ ነው የላከችው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንጀቴን በላችኝ።

በነጋታው ራሴ ሄጄ ከዚያው ከቦዩ ዳር ቀጠፍኩ፤ እስከ ክርኔም ተለበለብኩ። በሥርዓቱ ሲመረመር ካልሲየሙም ብረቱም መልካም ሆኖ ተገኘ። ሊዱ ግን ከሚፈቀደው በላይ ነበር። ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ግን ምንም ደስ አላለኝም።

ለእናቴ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። "እናንተንም በዚሁ ሳማ ነው ያሳደግኳችሁ። ልጆቼን መርዝ ሳበላ ነው የኖርኩት?" አለችኝ።

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ። "ያኔ እኮ መንገዱ አልነበረም እማዬ። እዚያ ጋ በሬ እንጂ መኪና አያልፍም ነበር" አልኳት።

በመስኮቱ ወደ አስፋልቱ አየች። ጤፍ ነበር እኮ አለች ቀስ ብላ፣ ፊቷም ፈካ አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት። ከመንገድ ርቆ፣ ገና እርሻ ካለው ዘመዳችን ጓሮ አፈርና የሳማ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት አስመጣች። በአሮጌ የቀለም ባልዲ ልትከል ወይ ብላ ጠየቀችኝና፣ በፍጹም፣ ቀለምም ሊድ አያጣውም ብዬ ጮህኩ፤ የዘይት ጀሪካን ቆርጣ ተከለችው። የጎረቤቶቿ በረንዳ ጽጌረዳ ነው፣ የእሷ ሳማ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት የወደቀበትን ሸሚዝ ሊያነሳ እጁን ሰዶ ተለበለበና፣ እመቤቴ፣ ዘበኛ ቀጥረዋል እንዴ አላት። ክረምት ስለነበር ሳማው ብዙ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ተንዠረገገ።

ሁለተኛውን ናሙና እናቴ ራሷ ይዛ መጣች፤ እህቴም ሆዷን ደግፋ አብራት። እናቴ ትኩሱን ቅጠል በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ለአለቃዬ በሁለት እጇ አቀበለችውና፣ ጨው የለውም አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ተቀበላት።

ውጤቱ የደረሰ ቀንም ሁለቱም መጥተው ግቢያችን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቁኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ብረቱ ደህና ነው፣ ካልሲየሙም፣ ሊድ ደግሞ ማሽኑ ሊያገኝ አልቻለም፣ ሐኪሟም እንዳለው ሳማው ምግብ ነው እንጂ ክኒኑን አይተካም እያልኩ ስዘረዝር እናቴ እጇን አነሳች።

"ትብላ ወይስ አትብላ?"

"ትብላ" አልኩ።

እናቴ ከዘንቢሏ በፎጣ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ አወጣች። ወጡን ጠዋት ሠርታ፣ ቃሌን እየጠበቀች እግሯ ሥር አስቀምጣው ነበር። እህቴ እዚያው ጀመረች፤ ዕቃውን እስክታገባድድ ቀና አላለችም። ከዚያ ክኒኗን ዋጠች። ሦስታችንም ጠበቅን። ክኒኑ ረጋ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እናቴ የተረፈችውን በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋች፤ የከለከልሽው አንቺ ነሽና አንቺም ቅመሺ አለችኝ። ጎረስኩ። ጨው የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጣፈጠ ወይ ስትለኝ፣ በጣም አልኳት።