መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም

ከሶዶ በወጣንበት ሌሊት ቤታችን መቀመጫ አልነበረውም። ወንበሩንም አልጋውንም አስቀድመን ለዘመድ አከፋፍለን ስለነበር ሊሸኘን የመጣው ሰው ቆሞ ጸለየ፤ ቆሞ ቆጮውን በሚያቃጥል ዳጣ በላ፤ ቆሞ መከረን። ሚስቴ አልማዝ ነርስ ናት። ቀድማን ኖርዌይ ገብታ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። እኔና ሁለቱ ልጆቻችን ልንከተላት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሳና በሰፈራችን ያልሸመገለበት ጉዳይ የለም። ሚኒባሱ በር ላይ ሲያጓራ ክንዴን ይዞ፣ «በሰው አገር ቶሎ አትቀመጥ» አለኝ። «ቶሎ የሚቀመጥ ሽማግሌ የሰው ጉዳይ አያስፈጽምም።»

ልጄ ማርታ እስከ አረካ ድረስ አለቀሰች። እኔ ልቅሶ አልወድም። ግን አንድ ቃል ሰጠኋት፦ «ከዚህ በኋላ ከቤትሽም ከትምህርት ቤትሽም አላፈናቅልሽም።» አባት ቃል ከሰጠ መፈጸም አለበት። የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ቃል ነው።

የደረስንበትን ቦታ ልንገራችሁ። ፊልከ የሚሉት የእኛ ዞን ነው፤ ኮሙነ የሚሉት ደግሞ ወረዳ። የእኛ ኮሙነ ድንጋይ፣ በግና ውሃ ነው። ውሃውን ፊዮርድ ይሉታል፤ ባሕሩ በተራሮች መሐል ገብቶ የተኛ ነው። የአባያን ሐይቅ አስቡና ቀዩን ውሃ ጥቁር አድርጉት። ተራራው ከዳሞታ ይብሳል እንጂ አያንስም፤ ነገር ግን ወጥታችሁ ቁልቁል ብታዩ ሰው የለም። ከዳሞታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እኛ ዘንድ እንሰት ያልቆመበት፣ ጎደሬ ያልተተከለበት፣ ጭስ የማይወጣበት ቦታ በዓይን ተፈልጎ አይገኝም። እዚህ አንዱ ቤት ከሌላው ሰላም ለመባባል መኪና ያስፈልገዋል። ብርዱን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ሁምቦ ቆላ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው አያምነኝም።

በምዝገባ ቢሮ ያገኘኋት ወጣት የትውልድ ቦታዬን ጠየቀችኝ።

«ወላይታ፤ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ።»

«ኮምፒውተሩ አያውቀውም። አዲስ አበባ ልበለው?»

«አትበዪው። እዚያ አልተወለድኩም።»

«ትንሽ መንደር ከሆነች እኮ ግድ የለም።»

«እህቴ፣ የእኔ ቀበሌ ብቻ በሰው ብዛት ይህን ኮሙነ ይበልጠዋል። ኮምፒውተሩ ካላወቀን ይማር።»

ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። ኩራት ኃጢአት ነው ተብዬ አድጌያለሁ፤ የተወለዱበትን አገር በስሙ ማስጠራት ግን ኩራት አይደለም፤ ግዴታ ነው።

እኔ በትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ራሴን አስተማርኩ። ቋንቋቸውንም እንደዚያው ተማርኩት። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከእነሱ መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ዘርግቼ ቁጥር በቁጥር አነበብኩ። ስለዚህ ንግግሬ የነቢያት ነው ይላሉ። ቤቱን ያከራየን ሽማግሌ ኦላቭ የበግ አርቢ ነው። ቧንቧው ሲፈስ ሄጄ፣ «እነሆ፣ ውኃ በቤቴ ላይ በረታ» ስለው ሳቁ አላቆም አለው። ጠገነልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጄ ነው። ሰላምታ ግን አያውቅም። እኔ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ በጎቹ ጠይቄ ሳልጨርስ እሱ፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ይላል።

በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ወሬው መጣ። ኮሙነው የመንደራችንን ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ምክንያቱ ልጅ አነሰ። እውነት ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ ሁለት ገበታ ይበቃል። ከተዘጋ ማርታና ታናሽ ወንድሟ ፊዮርዱን በጀልባ ተሻግረው በአውቶቡስ ሄደው ይማራሉ፤ በክረምት ጀልባው የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው። አልማዝ፣ «እንግዲህ ወደ ትልቁ ከተማ እንሄዳለን» አለች። ማርታ ወደ እኔ ተመለከተች።

እኔ አገር ቤት በቀበሌያችን የትምህርት ቤት ኮሚቴ ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝ። እኛ ልጅ በዛ ብለን በፈረቃ እናስተምራለን፤ ወላጅ ድንጋይ ተሸክሞ ክፍል ይጨምራል። ልጅ አነሰ ተብሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚደረገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ።

ምክር ቤቱ በሚወስንበት ቀን ማለዳ ኦላቭን ይዤ ከከንቲባዋ አጥር ውጭ ቆምን። አልጠራንም፤ በር አላንኳኳንም። ሽማግሌ የቤቱ ባለቤት እስኪወጣ ይጠብቃል። ኦላቭ፣ «ደወል እኮ አለ» ይለኛል፤ እኔ፣ «ዝም በል» እለዋለሁ። በመጨረሻ መስኮቱ ተከፈተ።

«ሰው ሞተ?» አለች ከንቲባዋ።

«አልሞተም» አልኳት። እዚህ አገር አንቱታ የለም፤ በልቤ እርስዎ እያልኩ በአፌ አንቺ አልኳት።

«ታዲያ ግቡ፤ ብርድ ነው።»

ገባን። ወንበር ሳበችልን። «ልመናችንን ካልተቀበልሽ አንቀመጥም» አልኩ። ለኦላቭ መንገዱን ሙሉ አስረድቼው ነበር፤ ጉልበቱ ግን ምክሬን አልሰማም፤ ቀድሞኝ ተቀመጠ።

«እሱ ተቀምጧል» አለች ከንቲባዋ።

«እሱ ታሟል። እኔ ቆሜያለሁ።»

ስለ ትምህርት ቤቱ መሆኑን ስትረዳ ፊቷ ተለወጠ። አልተቆጣችም። «ስማኝ» አለች፤ «እዚህ የሕዝብ ጉዳይ በሰው ማድ ቤት አይጨረስም። ሌሎቹ ቢሰሙ እኔንም አንተንም ያሙናል። ማታ ወደ አዳራሹ ና። ማንም ነዋሪ ሦስት ደቂቃ ይናገራል።»

አፈርኩ፤ እውነቷን ነው። ለፍርድ የሚቀመጥን ሰው ቤት ለቤት ማግባባት እኛም ዘንድ የሚነቀፍ ነው፤ ሽምግልና መስሎኝ ድንበሩን ስቼ ነበር። ግን ሦስት ደቂቃ! እኛ ዘንድ በሦስት ደቂቃ የላሞቹን ደኅንነት እንኳ ጠይቀን አንጨርስም።

ማታ አዳራሹ ሞላ። የምክር ቤቱ አባላት ገበሬ፣ መምህር፣ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ እንደኛ የቀበሌ ምክር ቤት፣ ከሥራ ውለው የሚመጡ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ።

«ወንድሞችና እህቶች» አልኩ፤ «እኔ ከሰው ብዛት የተነሣ መሬቱ ከጠበበበት አገር መጣሁ። ልጆቻችን በዙ እየተባልን ኖርን፤ አንዳንዱ እንደ ነቀፋ ይነግረናል። እኛ ግን ለበዛው ልጅ ክፍል ሠራን እንጂ ልጅ አልቀነስንም። እናንተ ድንጋይ አላችሁ፣ ቤት አላችሁ፣ ያጣችሁት ልጅ ነው። ልጅ የሚያመጣ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚጠይቀው ትምህርት ቤት አለ ወይ ብሎ ነው። እኔ ሁለት ይዤ መጥቻለሁ። በሩን በልጆቼ ፊት አትዝጉ።»

ደወሉ ተደወለ። «አመሰግናለሁ፤ ጊዜህ አልቋል፤ ተቀመጥ» አለች ከንቲባዋ።

«መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም።»

ከኋላ የሳቀ አለ። ከንቲባዋ ማለዳ የሆነውን አስታወሰች መሰለኝ፤ ደግማ አላዘዘችኝም። «መቆም አልተከለከለም» ብላ ቀጠለች። ክርክሩ ረዘመ። ስለ ጀልባ አወሩ፤ ስለ ጣራ እድሳት አወሩ። እኔ ቆሜያለሁ። በመሐል ከጎኔ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ኦላቭ ነው። የፊቱን ወንበር ተደግፎ እየቃተተ ተነሣ። «ጉልበትህስ?» አልኩት በሹክሹክታ። «ዝም በል» አለኝ፤ ማለዳ እኔ እንዳልኩት። ቀጥሎ የበጎቹ ሐኪም ሚስት ተነሣች፤ ቀጥሎም ሌሎች። ሁሉም አልተነሣም፤ መዋሸት አልወድም። ግማሹ አዳራሽ ግን ድምፅ ሲሰጥ ቆሞ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለአንድ ዓመት ይቆይ ተባለ። የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያያሉ። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ለጋሼ ሳና ደወልኩ። በወላይትኛ «ሳሮ፣ ሳሮ» ተባባልን፤ ስለ ሰው ሁሉ፣ ስለ ከብቱ ሁሉ ተጠያየቅን። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

«እስኪወስኑ ድረስ ቆምክ?»

«ቆምኩ።»

«ልጅ አነሰን ነው የሚሉት?»

«አዎ።»

«ምነው በነገሩን። ከእኛ ግቢ ብቻ አንድ ክፍል ይሞላላቸው ነበር።» ሳቀ፤ ከዚያ ተነፈሰ። «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ያልከኝ? ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና እቆማለሁ።»

«እዚህስ መቼ ነው የምትቀመጠው?»

በዚያ መሐል ከጀርባው ጩኸት ሰማሁ፤ የጠዋቱ ፈረቃ ተለቆ የከሰዓቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። «ስልኩን ወደ መንገዱ አዙርልኝ» አልኩት። አዞረልኝ። ያን ቀን ትምህርት አልነበራትምና ማርታን ጠርቼ ስልኩን በመሐላችን አስቀመጥኩት። የልጅ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፤ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ይወርዳል። በእኛ መስኮት በኩል ደግሞ የኦላቭ በጎች በድንጋዩ ላይ ይታያሉ።

«እነዚህ ልጆች ሁሉም የእኛ ናቸው?» አለችኝ ማርታ።

«ሁሉም» አልኳት። ማንኛችንም ስልኩን አልዘጋነውም።