ስለ ራግቢ የመጡት ሽማግሌዎች

ጋሼ ስልክ ደውለው «ቅዳሜ ሦስት ሆነን ለሽምግልና እንመጣለን፤ የልጅህ ጉዳይ ነው፤ ቤት ጠብቀን» አሉኝና ዘጉት። ጋሼ አገር ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ የነበሩ፣ እዚህ አሜሪካ ደግሞ ብዙ ዓመት መኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ታኮማ ፓርክ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በእኛ አካባቢ የተጣላን የሚያስታርቁት፣ ሚስት ለመጠየቅም የሚላኩት እሳቸው ናቸው። እኔ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ገና የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ሦስት ሽማግሌ እንዲህ ያለች ልጅ ያለችበት ቤት ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ደሜ ፈላ።

ባለቤቴ ግን ደስ አላት። «ማን ይሆን ልጁ?» እያለች ዶሮ ገዛች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ጠባቡን አፓርታማችንን ከዳር እስከ ዳር አጸዳች፣ እኔንም ሙሉ ልብስ አስለበሰችኝ። «አንተ ብቻ አፍህን ሰብስብ» አለችኝ። አፌን ታውቀዋለች። ልጄን ከቤት ያስኮበለለው ይኸው አፌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄና እኔ ከተኳረፍን ሁለት ወር አልፎን ነበር። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እግር ኳስ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ሳወርድ ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ነበረች። እሷ ውስጥ ትሮጣለች፣ እኔ በመስመሩ ዳር «ክፈቺ፣ ተመለሺ፣ ምን ታያለሽ፣ ምቺው» እያልኩ እሮጣለሁ። ድምፄ ተዘግቶ ነበር ቤት የምገባው። ታዲያ በነሐሴ መጨረሻ፣ ወደ ካምፓስ ልትመለስ ሻንጣዋን እያዘጋጀች፣ ኳስ ትታ ራግቢ ቡድን መግባቷን ነገረችን። በእንግሊዝኛ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«ይሄ የእብዶች ጨዋታ ነው» አልኳት። «ኳስ በብብት ሸጉጦ መሮጥ ምን የሚሉት ነው? እሱን እየተጫወትሽ እዚህ ቤት እንዳትመጪ።» አንዴ ከአፌ ወጣ፣ ምን ይደረጋል? ሻንጣዋን ዘግታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እናቷ ጋ ትደውላለች። ስልኩን እኔ ካነሳሁት «ደህና ነኝ» ትለኛለች፣ በቃ።

ለጠየቀኝ ሁሉ «አንገቷ ቢሰበርስ?» እላለሁ። ለአባት የሚያምር ምክንያት ነው። እውነቱ ግን ተከፍቼ ነበር። ኳሱን ስትተወው እኔን የተወችኝ መሰለኝ። ይህን ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሼ ከፊት፣ ቤልትስቪል የሚኖሩት የባለቤቴ አጎትና አንድ ጎረቤታችን ከኋላ። ገብተው ቆሙ።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ።»

«ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም።»

«እሺ፣ ልጁ ማነው?» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

«የቱ ልጅ?»

«የላካችሁ ነዋ።»

ጋሼ ወደ ሁለቱ ዞረው አዩና «የላከችንማ የራስህ ልጅ ናት» አሉ። «ከአባቴ አስታርቁኝ ብላ ነው። በዚህ በራግቢ ጉዳይ።»

ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ልሳቅ ወይስ ልቆጣ? ባማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ሽማግሌ መላክን ከየት አመጣችው? በልቤ ኮራሁባት። ፊቴን ግን አላላላሁም።

ጋሼ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ልጄ ለታሪክ ትምህርቷ የጻፈችው ነው፤ ማስታረቂያ ይሆናል ብላ ልካላቸዋለች። መነጽራቸውን አድርገው እያዩ በአማርኛ ተረኩልኝ።

«ከመቶ ዓመት በፊት ነው፣ ወዲያ በምዕራቡ ጠረፍ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ። ተማሪዎቹ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታሉ። የዛሬውን አትይ፤ ያኔ ድብድብ ነበር። እጅ እግራቸው እየተሰበረ ይወጣሉ፣ በየከተማው የሚሞትም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጨከኑና ፉትቦሉን አስቀርተው ራግቢ ተኩበት። ገባህ? አንተ አደጋ ነው የምትለውን፣ እነሱ አደጋ ሽሽት ነው የገቡበት።»

«ያ የድሮ ነው» አልኩ።

«ቆይ፣ አላለቀም። ተማሪው አኮረፈ። ድሮ ተጫውተው የተመረቁትም አኮረፉ። እኔን የገረመኝ አሠልጣኙ ነው። ፉትቦልን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ያወቀ ሰው፣ በአንድ ጀንበር ጀማሪ ሆነ። እሱም ማኩረፍ ይችል ነበር። ግን ህጉን ከመጽሐፍ እያነበበ፣ ከልጆቹ ጋር አብሮ ተማረ ትላለች።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ወደ ፉትቦላቸው ተመለሱ።»

«አዩ፣ ተመለሱ» አልኩ። እስቲ አሁን ምን ይላሉ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ጋሼ ወረቀቱን አጠፉት። «እነሱ ተመለሱ። ያንተዋ ትመለስ አትመለስ ማንም አያውቅም። እስክትመለስ እንዲህ አኩርፈህ ልትጠብቃት ነው?»

ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወንበሩን ደገፍ እንዳሉ አየሁ። እኚህ ሰው በዚህ ዕድሜያቸው ቆመው የሚጠብቁት የእኔን አንዲት ቃል ነው።

«አንገቷ አይደለም ጋሼ» አልኩ። «ኳሱ የእኔና የእሷ ነበር። እዚህ አገር ያለ እሱ ከልጄ ጋር ምን እንደማወራ አላውቅም።»

ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አሁን አትስቅም። ጋሼ ብዙ አልተናገሩም። «የሚመጣው ቅዳሜ እዚሁ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ መጥታ ትጫወታለች። ሄደህ ታያታለህ። ፍርዳችን ይኸው ነው» አሉ። እሺ አልኩ። ያኔ ተቀመጡ፤ ለእጮኛ የተሠራውን ዶሮ ለራግቢ በላነው።

በሳምንቱ ባለቤቴንና ጋሼን ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ደረስን። ልጄ ቁምጣ ለብሳ፣ የጥርስ መከላከያ ፕላስቲክ ነክሳ ከሌሎቹ ጋር ወጣች። እንደ ልማዴ መስመሩ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ጨዋታው ሲጀመር ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? ኳሱን ይዘው ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ሲያቀብሉ ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ዳኛው ይነፋል፤ ለምን እንደነፋ አላውቅም። ተቃቅፈው ይገፋፋሉ፤ ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አንድ ጊዜ ሦስት ልጆች ተረባርበው ጣሏት። ሜዳው ውስጥ ልገባ ስል ባለቤቴ ጃኬቴን ይዛ አስቀረችኝ። ልጄ ብድግ አለች፣ አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች፣ ሳቀች። ጭቃ በጭቃ ሆና ከልቧ ሳቀች። እኔ ባሠለጠንኳት ዓመታት ሁሉ ሜዳ ላይ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ትስቅ እንደሆነም እንጃ፤ እኔ የማየው ኳሱን ነበር። የዚያን ቀን ኳሱ የት እንዳለ ስለማይገባኝ እስከ መጨረሻው ድረስ እሷን ብቻ ሳይ ዋልኩ።

ሲያልቅ መጣች። ለጋሼ ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እኔ ይቅርታ ልል ስጀምር ከነጭቃዋ አቀፈችኝ።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ አንድም ቃል አልጮህክም» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ምን ብዬ ልጩህ? ህጉን አላውቀው።»

«አውቃለሁ» አለች። ይሄን በአማርኛ ነው ያለችው፣ ቀስ ብላ። «ለዚያ እኮ ነው የመረጥኩት።»

ተቆጥታ አልነበረም፤ ፈገግ ብላለች። ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ላይ የጮህኩባትን ሁሉ አስታወስኩ። ያወረድኩባትን የጩኸት ዝናብ ሳትመልስልኝ፣ እኔ የማላውቀው ሜዳ ፈልጋ ገባች፤ ከዚያም ሽማግሌ ልካ ናና እየኝ አለችኝ። ግንባሯን ሳምኳት። እናቷ ፎጣ አምጥታ ፊቷን እየጠረገች ትጨቀጭቃት ጀመር።

ወደ ቤት ስንመለስ ደስ ብሎኝ ነበር የምነዳው። ጋሼ ከኋላ ወንበር የራግቢን ህግ የጻፉበትን ወረቀት አውጥተው «ዳኛው ቅድም ለምን እንደነፋ ላስረዳህ?» አሉኝ።

«ይተዉኝ ጋሼ» አልኩ። «ሳላውቀው ልያት።»