ሻጩ ለራሱ የገጠመው ፓወር ሰፕላይ

ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ነው። ሐጂያ ግን ኮምፒውተሩን በሽርጥ ጠቅልለው፣ በተሸካሚ አስይዘው ከገቡ በኋላ፣ ወንበር አቅርቤላቸው ገና ሳይቀመጡ፣

«ይኼ ዕቃ በየትኛው ቀን እንደሞተ ማወቅ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ቀኑን አላውቅም ሐጂያ። በምን እንደሞተ ግን ከፍቼ ልነግርዎት እችላለሁ።»

«እሱንም ቢሆን ንገሪኝ። እኔ እንዳልገደልኩት ንገሪኝ።»

ከዚያች ቃል ጀምሮ ጠረጠርኳቸው። ሳይጠየቅ የሚክድን ሰው እንዳላምን ተደርጌ ነው ያደግሁት።

ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደሴ ሸዋ በር ላይ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ካገኘነው የቆርቆሮ ሼድ አንዷን ክፍል ይዤ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ማመልከቻ ስተይብባት የምውል ኮምፒውተር አንድ ቀን ዝም ስትልብኝ፣ ጠጋኝ እስኪመጣ መጠበቁ አንገብግቦኝ በወጥ ቤት ቢላዋ ከፈትኳት። ነካክቼ ስገጥማት ተነሣች! ከዚያ ወዲያ የተበላሸ እየለቀምኩ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ የእንግሊዝኛ መመሪያ እየፈታሁ፣ አንዳንዱንም እያቃጠልኩ ተማርኩ።

ያኔ ጠጋኝ ሁሉ ዕቃ ቀያሪ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ደህናውን አውጥቶ የራሱን አሮጌ ይተካል ይባላል። ስለዚህ ደንበኛ ኮምፒውተሩን ጥሎ አይሄድም፤ እጄን ሲጠብቅ ይውላል። ሐጂያም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጉና ተደላደሉ።

«ጴንጤ ናት፣ አትቀይርም ብለውኝ ነው የመጣሁት። ቢሆንም እዚሁ እቀመጣለሁ» አሉ።

«ይቀመጡ። ጴንጤም ይጠበቃል» አልኳቸው። አልሳቁም።

ብሎኑን እየፈታሁ ነገሩን ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። የጎረቤት ልጆች ወርቅና ፍሪጅ ይዘው ሲመጡ፣ የእሳቸዋ ባዶ እጇን መጣች፤ ከሁለት ወር በኋላ በካርጎ ይህ የጌም ኮምፒውተር ተከተላት። ከአሠሪዎቿ ልጅ ጋር ስትጫወት ለምዳው፣ ልጁ አዲስ ሲያገኝ አሮጌውን የገዛችው እሷ ናት። ሐሳቧ ደሴ ላይ ጌም ቤት መክፈት ነው፤ የሰባት ዓመት ድካሟ ተጠራቅሞ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ዕቃው ዐሥር ቀን ሳሎን ተቀመጠ። ጠረጴዛው ተሠርቶ ሲመጣ ሰካችው። ጧ! አለ፤ ጭስ ወጣ፤ በዚያው አለቀ።

«በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌው ነበር» አሉ ሐጂያ፣ እጃቸውን እያፍተለተሉ። «አቧራ ነበረበታ! እሷ ግን ‹ጌሙን ስለጠላሽው ሆን ብለሽ በውሃ ገደልሽብኝ› ትለኛለች። ሦስት ቀኗ፣ ከኔ ጋር ማዕድ አትቀርብም። ወላሂ፣ ወላሂ ውሃ አላፈሰስኩበትም!»

«ጌሙን ግን ይጠሉታል?»

«እሱን ማን ጠየቀሽ? ክፈቺው አልኩሽ።»

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው፣ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለሌላው ሁሉ በልክ በልኩ የሚያካፍለው የብረት ሳጥን ነው። አወጣሁት። አሸተትኩት፤ ተቃጥሏል። ውሃ የነካው ምልክት አላገኘሁም። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ግን አንዲት ቀይ ማስተካከያ አለች፤ ከሁለቱ የቮልት ቁጥሮች ትንሹ፣ አንድ መቶ ዐሥራ አምስት ላይ ቆማለች። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የጅዳው መብራት የኛን ግማሽ ያህል ነው። ለዚያ የተስተካከለ ዕቃ እዚህ ሲሰካ እጥፉን ይጎርሳል።

«ሐጂያ፣ ይህችን ቀይ ነገር የነካ ሰው አለ?»

ጎንበስ ብለው አዩዋት። ድምፃቸው ቀነሰ። «ጨርቄ አንሸራትቷት ይሆን?»

ጨርቅ አርጥቤ እኔው ደጋግሜ ጠረግኋት። ንቅንቅ አላለችም። ወደ ውስጥ የገባች ናት፤ ወይ የመፍቻ ጫፍ ወይ ጥፍር ትፈልጋለች። «ጨርቅ አያንቀሳቅሳትም፤ አብሽሩ» አልኳቸው። አፌ ይህን ይበል እንጂ ዓይኔ ጥፍራቸው ላይ ነበር። ረጅም ነው፤ በሂና የቀላ።

የቀረው ደህና መሆኑን ለማየት የራሴን ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ገጠምኩ። ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ነፍስ ዘራ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ምክንያቱም የጌም ኮምፒውተር እንደ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር አይደለም። ሥዕሉን የሚያወጣው ካርድ የራሱ ፋን ያለው፣ መብራት የሚጠጣ ጎረምሳ ነው፤ ለብቻው ወፍራም ገመድ ካልመጣለት አይነሣም። ካርዱ ተርፎ ይሁን ሞቶ የሚታወቀው ኃይለኛ ፓወር ሰፕላይ ሲገኝ ነው።

«ካርዱ ሞቶ ከሆነስ?» አሉ።

«እሱ ከሞተ ጌም ቤት የለም ሐጂያ።»

«እንዲያ ከሆነ እኔም ልጅ የለኝም» አሉ። ይህን ሲሉ የጠረጠርኳቸውን ያህል አዘንኩላቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናል።

ደሴ ላይ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። ካርቶኑ ላይ ሁሉም «አምስት መቶ ዋት» ይላል፤ ስታነሡት ባዶ ክብሪት ነው፣ ገመዱም ክር። እኔ የካርቶን ጽሑፍ አላምንም። የማምነው ክብደት ነው። እውነተኛው ፓወር ሰፕላይ ሆዱ ውስጥ የመዳብ ጥቅልና ወፍራም የብረት ክንፍ ስላለው እጅን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ስንቱን ከፍቼ ያገኘሁት የራሴ ሕግ ነው፤ እኮራበትም ነበር። ስለዚህ ኮምቦልቻ ልውረድ አልኩ።

«አብሬሽ ነኝ» አሉ ሐጂያ። «ርካሹን ገዝተሽ ውድ ነው ብትይኝ በምን አውቃለሁ?»

በማግስቱ በሚኒባስ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ወረድን። የኮምቦልቻው ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ስልካቸው ላይ ዘፈንና መንዙማ የሚያስጭኑበት፣ የኮምፒውተር ዕቃም የሚሸጥበት። ሻጩ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ለጌም የሚሆን ፓወር ሰፕላይ ስለው ከመደርደሪያው ላይ በሁለት እጁ አወረደው። ተቀበልኩት፤ ክንዴን ዝቅ አደረገው! ደስ አለኝ።

«እህቴ፣ እሱ ጀርመን ነው» አለ።

«እንኳን ጀርመን፣ እዚህ ጎረቤት ደጋንንም አላየ» አሉ ሐጂያ ከኋላዬ። «አምጪው እስቲ።» በመዳፋቸው መዘኑት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉት። «ከበደ» አሉ።

«እሱን አይደል የፈለግነው ሐጂያ?»

«እሱን እንደምትፈልጊ ሻጭ ካወቀስ? እኔ ከቦሩ ሜዳ ቅቤ እያመጣሁ ሰኞ ገበያ ሠላሳ ዓመት ሸጫለሁ። ገዢ በክብደት እንደሚያምን የገባው ሰው ቅቤው መሐል ድንች ይቀብራል። ሲከብደኝ ነው እኔ የምፈራው።» ወደ ሻጩ ዞሩ። «ክፈተው።»

«እናቴ፣ ስቲከሩ ከተቀደደ ዋስትና የለውም።»

«ዋስትናህን ለሚያምንህ ስጥ።» ይህን ብለው ከበሩ ሥር መጥረጊያ አነሡ፤ አንዲት ስንጥር መዘዙና በፋኑ ወንፊት ቀስ አድርገው ሰደዷት፤ ልክ ቅቤ እንደሚወጋው። ስንጥሯ ጥቂት ገብታ ቆመች። በሌላ ቀዳዳ ሰደዱ፤ እዚያም ቆመች። እኔ የስልኬን ባትሪ አብርቼ አጮለቅኩ። መዳብ የለም፤ የብረት ክንፍ የለም። የጣት ጫፍ የምታክል ሰሌዳና ከጎኗ ከታች በሙጫ የተጣበቀ ግራጫ የሲሚንቶ ጓል!

የተሰማኝን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ስንት ዓመት የኮራሁበት ሕግ ሲሚንቶ ሆነብኝ። ከዚያ በፊት በክብደቱ አምኜ ስንቱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩ ይሆን?

ሻጩ «አዲስ አበባ እንዲህ አድርገው ነው የሰጡኝ፣ በአላህ!» አለ። ፊቱ የደነገጠ ይመስላል። እውነት አያውቅ ይሆን፣ ወይስ የለመደው ድንጋጤ ነው? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔ ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሣ ሐጂያ ከባንኮኒው ሥር ወዳለው፣ ዘፈን ወደሚጭንበት ኮምፒውተር በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ያ ያንተ ነው?»

«አዎ፣ የሥራዬ ነው።»

«ስንት ጊዜ ሠራ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከጠዋት እስከ ማታ።»

«የሱን ሆድ ዕቃ ሽጥልን።»

ሳቀ። «እናቴ፣ ሥራዬ ይቁም?»

«ለምን ይቆማል? ከመደርደሪያህ አንዱን አውርደህ ለራስህ ግጠም። ጀርመን ነው ብለህ የለ?»

ዘፈን ሊያስጭኑ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን ለቀቁት። ሰውየው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ራሱን አከከ፤ አጠፋውና ፈታው። ሐጂያ በጆሮዬ፣ «ነጋዴ ለቤቱ ያስቀመጠው ቅቤ ድንች የለበትም» አሉኝ። ያወጣውን ፓወር ሰፕላይ አየሁት፤ ገመዱ ወፍራም ነው፣ ለካርዱ የሚሆነው ስድስት ጥርስ ያለው መሰኪያም አለው። በወንፊቱ ሳጮልቅ መዳቡ ያበራል። ሰውየው ለራሱ አሳምሮ መምረጥ ያውቃል ማለት ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው ሐጂያ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀመጡ። ወደ መስኮቱ እንደዞሩ፣

«ቀኑን የጠየቅሁሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ። «ዱዓ አድርጌበት ነበር።»

«በኮምፒውተሩ ላይ?»

«ሰባት ዓመት ጠበቅኳት። መጥታ ወሬዋ እሱ ብቻ ሆነ። ሲመጣ ደግሞ ለጠረጴዛው ቦታ ብላ አልጋዬን ጓዳ አስገባችው። ተናድጄ ሐሙስ ማታ እጄን ዘረጋሁ። ቅዳሜ ፈነዳ። ውሃ አላፈሰስኩም፣ ቀዩንም አልነካሁም። ዱዓዬ ከሆነስ?»

ያን ጊዜ አፈርኩ። ጥፍራቸውን ሳይ በራሴ ጭንቅላት ማሰብ ትቼ ነበር። ጅዳ ይሠራ ከነበረ፣ ቀይዋ እዚያም የነበረችው አንድ መቶ ዐሥራ አምስት ላይ ነው፤ ሌላው ላይ ብትሆን በዚያ ደካማ መብራት ባልተነሣም። ማንም አላንቀሳቀሳትም። ስህተቱ ማንም አለማንቀሳቀሱ ነው።

«ከሐሙስ በፊት ነው ሐጂያ። ከጅዳ ሲጫን የተሰናዳ ነው።»

«ከዱዓዬ በፊት?»

«ከዱዓዎ በፊት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ግን ያመኑኝ አይመስልም፤ ደሴ እስክንገባ ሦስቴ ደግመው ጠየቁኝ።

በማግስቱ ልጅቱን አስጠራናት። ሱቄ በር ላይ ቆማ መጀመሪያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ቀጥላ እናቷን። የኮምቦልቻውን ፓወር ሰፕላይ ገጥሜ፣ የሱ ቀይ ማስተካከያ በኛ መብራት ልክ መሆኗን በፊቷ አይቼ ሰካሁት። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ትንሽ አመነታና በራ፤ ካርዱ ተርፏል። ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ግን ፊቷን መለሰችው።

ስለ ቀይዋ ነገርኳት።

«እሷ ራሷ በጥፍሯ ገፍታት ቢሆንስ? አንቺንም እሷ ናት ያመጣችሽ።»

እኔ የጠረጠርኩትን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አስጠላኝ። «ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ገመድ የገዛሽው እዚህ ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ የጅዳው ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው፤ የኛ ግድግዳ ውስጥ አይገባም...» ብላ መሐል ላይ ቆመች። «መብራቱም ይለያል እንዴ?»

«ግማሽ ነው። እዚያ ሲሠራ እያየሽ አይደል የገዛሽው? ቀይዋ ያን ጊዜም እዚሁ ቁጥር ላይ ነበረች።»

የተቃጠለውን አንሥታ ጀርባውን አየችው፤ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሐጂያ ነጻ ወጥተው ነበር። እኔም በዓይኔ «በቃ፣ ተዉት» ብያቸዋለሁ። ሰው ግን ልቡን የያዘውን ነገር አፉ ሳያወጣው አያርፍም።

«ዱዓ አድርጌበት ነበር» አሉ።

ልጅቱ ቀና አለች። «አውቃለሁ። እየጮህሽ አይደል ዱዓ የምታደርጊው? ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ የጠረጠርኩሽ ለምን ይመስልሻል?»

«እንዲቃጠል አላልኩም! ‹ከቤቴ ይውጣልኝ› ነው ያልኩት።»

«ይወጣላ! ጌም ቤት ሳሎን ውስጥ ይከፈታል እንዴ? ፒያሳ ቤት እያየሁ ነው።»

ሐጂያ ይህን አላሰቡትም ነበር። ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ፈቱ፣ ደግመው ሰበሰቡ።

«አንቺም አብረሽው ልትወጪ ነው?»

«ቀን ቀን ነው እማ። ማታ እመጣለሁ።»

«አልጋዬን ወደ ቦታው መልሺ። ማታም ስትመጪ የሱን ወሬ ይዘሽ እንዳትመጪ» አሏት። «ይኼን ደግሞ በዱዓ አልጠይቅም፤ ለራስሽ ነው የምነግርሽ።»