ተዝካሬ የወጣበት መጋዘን

የያዙኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የወሰዱኝ ደግሞ በባጃጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ካነበብኋቸው የእስር ቤት መጻሕፍት ውስጥ ማንም በባጃጅ ተጭኖ አልታሰረም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የጤፍ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ «ይማርህ» አለ።

ይማርህ ያሉኝ ከአምበር አካባቢ የመጡ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ያዟቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ከእሳቸው ቀጥሎ የሚተኛው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። እኔ መምህር ስለሆንሁ ቦታዬ በመካከላቸው ሆነ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሳምንት ያህል ማንም ሳይጠይቀኝ ቆይቶ መርማሪው አስጠራኝ። የፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ የድብቅ ስብሰባ ሲመራ አይቻለሁ ብዬ እንድመሰክር። ስብሰባ አልነበረም። ጓደኛዬ እንኳን ሰው ሊመራ ቤቱ ውስጥ መነጽሩን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አይደለም።

«እስከ ነገ አስብበት» አለኝ። «አለዚያ ከዚህ ትወጣለህ። የት እንደ ገባህ ግን የሚያውቅ የለም። መርዶ የሚያረዳልህም አይገኝ።»

አልጮኸም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረው።

ሞትን መፍራት የአስተሳሰብ ስንፍና ነው ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ያን የጻፍሁት ግን ቁርሴን በልቼ ነው። ከመርማሪው ስመለስ ጉልበቴ ጽሑፌን አላነበበውም።

«ጋሼ፣ ፊትዎ አመድ መስሏል» አለኝ ባጃጅ ነጂው። «ምን አሉዎት?»

ነገርኋቸው። ለመመስከር ብዙም እንዳልቀረኝ ጨምሬ ነገርኋቸው።

«ሞትን ፈርተህ ነው?» አሉኝ አባባ።

ነዋ ልላቸው ነበር፤ ግን ክርክር ስለምወድ ቆም ብዬ አሰብሁ። ጥይቱ አይደለም። መቃብሩም አይደለም። እናቴ የምትኖረው ይጁቤ ከተማ ነው። ጥቁር ትልበስ አትልበስ ሳታውቅ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር በር በሩን ስታይ ታየችኝ። ያስፈራኝ ሞቱ ሳይሆን ሞቼም አለመሞቴ ነበር። ይህንኑ ነገርኋቸው።

«እኔ ይሄንን ፈርቼ ነው ዐምና የቁም ተዝካሬን ያወጣሁት» አሉ አባባ።

የቁም ተዝካር ሰው ሳይሞት ካህናቱን ጠርቶ፣ ጎረቤቱን አብልቶ፣ ተዝካሩን ለራሱ የሚያወጣበት ልማድ ነው። ድግሱን ቆሞ ለማየት የቸኮለ ሰው ከንቱነት ነው ብዬ አንድ መጣጥፍ ላይ ተሳልቄበት ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ሞትን አይፈሩም?»

«እፈራለሁ እንጂ። በሬ ሲመጣብኝ እሮጣለሁ። ብቻ ተዝካሬን ማን ያወጣል ብዬ አልፈራም።»

«እንግዲያው የኔም ዛሬ ይውጣ» አልሁ። ቀልድ ነበር። ማንም አልሳቀም። አባባ ተነሥተው ወለሉን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

ረቡዕ ስለነበር ከየቤቱ የመጣው ስንቅ ሁሉ ጾም ነው፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ደረቅ ዳቦ። በላስቲክ ላይ ተዘረጋ። ልቀመጥ ስል አባባ ከለከሉኝ። «ባለ ተዝካሩ ያስተናግዳል እንጂ አይቀመጥም።» ስለዚህ ቆሜ ዳቦውን ቆረስሁ፣ ውኃውን በጠላ ፋንታ አዞርሁ። ቄስ ስለሌለን አባታችን ሆይ ደገምን። ከዚያ ባጃጅ ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሟች መምህር ደግ ሰው ነበሩ» አለ። «ብርድ ልብስ ላይ ግን ደግነታቸው ያልቃል። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ራሳቸው ይስባሉ።»

«የምትስበው አንተ ነህ» አልሁት።

«ሟች ዝም ይበል» አሉ አባባ።

ይሄኔ መጋዘኑ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ባጃጅ ነጂው በሌላ ድምፅ ቀጠለ። «እናታቸው ይጁቤ ናቸው። ከመካከላችን ቀድሞ የወጣ ሰው ሄዶ ይነግራቸዋል። እኔ ከሆንሁ እኔ እሄዳለሁ።»

«እኔ ከሆንሁ እኔ» አሉ አባባ። ሌሎቹም ተራ በተራ እንዲሁ አሉ።

ፍርሃቱ ጠፋ አልልም። እንደ ጠላ አተላ ወደ ሥር ዘቀጠና ከላይ ያለው ጠራ።

በማግስቱ መርማሪው ሻይ አስቀርቦ ጠበቀኝ። «አሰብህበት?»

«አስቤበታለሁ። ስብሰባ አላየሁም።»

«ትናንት ያልሁህን ረስተሃል?»

«አልረሳሁም።»

ጀግና በዚህ ጊዜ ሻዩን መግፋት ነበረበት። እኔ አንዴ ቀመስሁትና «ስኳር ይጨመርልኝ» አልሁት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ጨመረልኝ። እስኪያልቅ ድረስ ቀስ ብዬ ጠጣሁ።

አልገደሉኝም። ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው አቆዩኝ። ቀድመው የተፈቱት አባባ ነበሩ፤ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ይጁቤ ሄዱ። ችግሩ ወሬውን ከየት መጀመር እንዳለባቸው አለማወቃቸው ነው። የእናቴን ደጃፍ እንደረገጡ «ልጅሽ ተዝካሩ ወጥቶለታል» አሉ። እናቴ ቀሪውን አልሰማችም። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ተሰብስቦ ደረት ሲመታ፣ ምስኪኑ ሽማግሌ መካከል ቆመው እንዳልሞትሁ እየማሉ ማስረዳት ያዙ።

ስፈታ እናቴ አገላብጣ ሳመችኝና «እኔ አልቅሼልሃለሁ፤ ሁለተኛ አላለቅስም፣ ዕወቀው» አለችኝ።

ዛሬ የደም ግፊት ክኒን እውጣለሁ፤ ሐኪሙ ፊቱን ሲያኮሳትር ልቤ ይደነግጣል። ሞትን አልፈራም የሚል ሰው ሲገጥመኝ አሁንም ቁርሱን በልቶ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። እኔ እፈራለሁ። አንድ ሰው ግን ይህንን ፍርሃቴን በእጁ ይዞ ጓደኛዬን በምትኩ እንድሰጠው ጠይቆኝ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ጓደኛዬ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥርም ቀና ብዬ ሰላም እለዋለሁ።