የሚካኤል ዕለት መርፌ

ነርሷ ለክትባት የልጄን ክንድ በአልኮል ስትጠርግ፣ ሽታው ወደ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ መለሰኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ ስለ እኔ «ልቧ ታሟል፣ እስክታድግ በየወሩ መርፌ ትወጋ» ብሎናል። አባቴ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጦ መሬቱን በዱላው ይጭራል።

«በየወሩ ይሄን መንገድ? እርሻውንስ ማን ይይዘዋል?»

«የሚካኤል ዕለት እናምጣት» አለች እናቴ። «ያን ቀን እንደሁ በሬ አይጠመድም።»

አባቴ መሬቱን መጫሩን ተወ። «ይሄን ሁሉ ተወግታ ባትድንስ?»

«እስክታድግ አሉ እኮ። ታድጋለች ማለት ነው» አለች እናቴ፣ ፊቷን ከእኔ አዙራ።

ያኔ የፈራሁት መርፌውን ብቻ ነበር። ዛሬ ልጄ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ እናቴ ያን ስትናገር ለምን ፊቷን ከእኔ እንዳዞረች ገባኝ።