የሺመቤት ያሳለፈችው ዕጣ

በደርግ ጊዜ ሽሮ ሜዳ ላይ ሰባት ሴቶች በየወሩ ዕቁብ ይጥሉ ነበር። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው ለሸማኔው ለአምኃ ሚስት፣ ለየሺመቤት ነው። የሦስት ወር እርጉዝ ነበረች። ሴቶቹ እልል ሲሉላት እሷ ፊቷን አጨማደደች፤ «ይሄን ጎረቤቴ ዘኪያ ትውሰደው። ለእኔ የመጨረሻውን፣ ስወልድ ትሰጡኛላችሁ» አለች።

አምኃ ሲሰማ ጦፈ። «እጅ የገባ ዕድል ይገፋል? የሸማኔ ማኅበሩ ክር አምጥቷል፤ እገዛበት ነበር!»

«እሱን ፈርቼ እኮ ነው» ብላ ጥጧን መፍተል ቀጠለች።

በወለደች ሳምንት ዘኪያ የመጨረሻውን ዕጣ ብር በመሀረብ ቋጥራ አመጣችላት። አምኃ ቋጠሮውን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ቅቤውንና የገንፎውን እህል ነገ እንገዛለን። ዛሬ ግን ማኅበሩ ክር...»

የሺመቤት ቋጠሮውን ከተኛው ሕፃን ሥር ወሸቀችው።

«እሱን ቀስቅሰህ ውሰድ» አለችው።