ቀይ ማግ በበረንዳው ላይ

የበደለችኝ የክርስትና እናቴ ናት። ዘመኑ ደርግ ነው፤ የገና በዓል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው። ስሟን አልጠራም። ነገሩንም ትቼው ነበር፤ ሰሞኑን የጎረቤት ልጆች በረንዳቸው ላይ ያቆሙት የጥድ ቅርንጫፍ ሽታ አጥር ተሻግሮ መጣብኝ እንጂ።

አባቴ ከጋሞ የመጣ ሸማኔ ነበር። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ንፋስ ቀድሞ የሚያገኘው ሁለት ክፍል ቤት ነው። አባቴ በረንዳው ጥግ ላይ ይሠራል፤ እግሮቹን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ይቀመጥና መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል። በዚያ ዓመት ቀበሌው ለሰልፍ የሚሆን ቀይ ጨርቅ እንዲሠራ አዝዞት ነበር። ክሩ ከሸማኔዎች ማኅበር የመጣ ስለሆነ አንዲት ዘለላ እንኳ ለሌላ ነገር እንድትውል አይፈቀድም።

በየዓመቱ በረንዳውን ለገና የማስጌጠው እኔ ነበርኩ። ጥዱ ላይ የተባዘተ ጥጥ እበትንበትና በረዶ ነው እላለሁ፤ እኛ የምናውቀው በረዶ ግን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ከሸማ ጫፍ ተቆርጦ የሚወድቀውን ክርም ዓመቱን ሙሉ በወተት ጣሳ አጠራቅም ነበር። ሁሉም ነጭ ነው። በዚያ ዓመት ቀይ አማረኝ። አባቴ ስብሰባ ሲሄድ ከሽመና መወርወሪያው ውስጥ ማጉ፣ አግድም የሚገባው ቀይ ክር፣ የተጠቀለለበትን ቀሰም አወጣሁና ክሩን ተርትሬ ከምሰሶ ምሰሶ ወጠርኩት፤ ጥዱም ላይ ጠመጠምኩት። የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት በረንዳው ፍም መሰለ።

የክርስትና እናቴ ስታልፍ አይታ ገባች። ጎረቤታችን ናት፤ ያኔ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆና ነበር። ጉንጬን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ፣

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ቤተ መንግሥት አስመሰልሽው። ይሄን የመሰለ ቀይ ከየት ተገኘ?» አለችኝ።

«ከአባዬ መወርወሪያ» አልኳት፣ ኮርቼ።

«አባትሽማ ሞልቶታል» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጡ። አንደኛው ክሩን በጠመንጃው አፈሙዝ አንስቶ፣ አብዮቱን ጥድ ላይ አሰራችሁት ወይ ብሎ ተሳለቀ። አባቴ ክሩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ።

ወሰዱት። ጋቢውን እንኳ አላስለበሱትም።

እናቴ አልጮኸችም። ቶሎ አውርጂው ብቻ አለችኝ። ክሩ በጤዛ ርሶ ከምስማሩና ከጥዱ እሾህ ጋር ተያይዟል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ለእኛ የመጡ እየመሰለኝ ወደ በሩ እዞራለሁ። በጠቀለልኩት ቁጥር ይተበተባል። ጥጡን አራግፌ፣ ክሩን እንደምንም ቀሰሙ ላይ መልሼ ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። ሁሉ ነገር እንደነበረ ከተመለሰ አባቴም የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

የቀበሌው ክፍል የጋዝና የላብ ሽታ ነበረው። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የክርስትና እናቴ ከጠረጴዛው ኋላ ናት። ቀሰሙን አስቀመጥኩና የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አላየም አልኩ። የጥበቃው አለቃ ልጅቷን ታውቂያታለሽ ወይ ሲል ጠየቃት።

በቅዱስ ሚካኤል ታቦት ፊት አቅፋ ያስጠመቀችኝ ሴት ቀና ብላ አላየችኝም።

«አስጠንተዋት ነው ጓድ» አለች። «ትናንት የነገረችኝ ሌላ ነው።»

ትናንት የነገርኳት ያንኑ ነበር። ዞሬ አባቴን አየሁት። ሂጂ ብሎ በአገጩ አመለከተኝ።

ገናን ያለ እሱ ዋልን። የተፈታው በጥምቀት ማግስት ነው፤ ሁለት ሰዎች ደግፈውት መጣ። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ነበር። ከዚያ በኋላ መርገጫ አልረገጠም፤ ሲሄድም እግሩን ይጎትት ነበር። እስከዛሬ፣ ወለል ላይ የሚጎተት ነጠላ ጫማ ስሰማ ፊቴን አዞራለሁ።

በፋሲካ ሄጄ የክርስትና እናቴን እንድስም ያዘዘኝ እሱ ራሱ ነው። «ጎረቤት ናት፣ ነገም ከእሷው ጋር ነን» አለ። ጉልበቷን ሳምኩ። የሳምኩት ፈርቼ ነው እንጂ ይቅር ብዬ አይደለም፤ ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

በእኛ ወገን ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ጉድጓዱ ውስጥ የገባሁት ግን እኔ ነኝ። ሰፈሩ ባል አታገኝም፣ ሱሪ ግዙላት እያለ ሳቀ። አባቴ በጨርቅ የተጠቀለሉ እግሮቹን ዘርግቶ አጠገቤ ይቀመጥና፣ አይኑን ጨፍኖ የመርገጫውን ድምፅ ብቻ እያዳመጠ «ግራው ዘገየ፣ እናቴ» ይለኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ እንዲያ አብረን ሠራን።

የክርስትና እናቴ ከእሱ በኋላ ብዙ ኖረች። ስትሞት ልጆቿ፣ የክርስትና ልጇ ነሽና ቅበሪያት ብለው ላኩብኝ። አልሄድኩም። የዚያን ዕለት ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ አንድ ጋቢ ሸምኜ ጨረስኩ።